ከእግሩ ሥር የተጻፈው ስም

እስቲ እናንተን ልጠይቃችሁ፦ «ራስህን አስተዋውቅ» ተብሎ ስሙንና አገሩን የተናገረ ሰው፣ ከዚያ ወዲያ ስሙን በምስክር እንዲያጸና የሚገደደው በየትኛው ሕግ ነው? አንዱ ገና «ሰላም» ከማለቱ አበባ ሲወረወርለት፣ ሌላው ከነማስረጃው ቅረብ የሚባለው ስለ ምንድን ነው? የመተማዋ መሠረት ይህንኑ ብትጠይቅ «ቁጡ ናት» አሏት። ቁጡስ ናት፤ አልክድም። ግን ቁጡ ሰው የጠየቀው ጥያቄ መልስ አይገባውም ያለው ማነው?

ነገሩ የሆነው በ2008 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው። ሰሊጥ ታጭዶ፣ ደርቆ፣ ተራግፎ፣ የጭነት መኪና ከኮኪት እስከ መተማ አቧራ እያስነሳ የሚመላለስበት ጊዜ ነበር። መሠረት ጎንደር ከርማ በታሪክ ትምህርት ተመርቃለች። አገር ምድሩ «መምህርት ትሆናለች» ሲል እሷ ካሜራ አንግታ ተመለሰችና፣ ወደ ድልድዩ በሚወርደው መንገድ ዳር ያለውን ባህሩ ፎቶ ቤትን ተረከበች። ድልድዩን የተሻገረ ገላባት ገባ፤ ሱዳን ማለት ነው።

«ካሜራ በእጄ» የሚባለውን የፌስቡክ ግሩፕ ካገኘችው ቆይታለች። የአገሩ ፎቶ አንሺ ሁሉ የተሰበሰበበት ቤት ነው፤ አብዛኛው አዲስ አበባ ነው ያለው። የቤቱ ደንብ ቀላል ነው። አዲስ የገባ ስሙን፣ አገሩን፣ ካሜራውን ይናገራል፤ «ይገልጸኛል» የሚለውን አንድ ፎቶ ያስቀምጣል። መሠረት ለወራት ዝም ብላ የሌሎችን መተዋወቅ ስታነብ ከረመች። ሠላማዊት የምትባል ልጅ ከቦሌ መጣች፤ ካሜራዋን አባቷ ከዱባይ እንዳመጣላት ተናገረች፣ አንድ ጽጌረዳ ለጠፈች። «እንኳን ደህና መጣሽ የኛ ቆንጆ!» ጎረፈላት። ጽጌረዳው በማን ግቢ እንደበቀለ አንድም ሰው አልጠየቃትም። ደግም አደረጉ፤ እንግዳ እንዲህ ነው የሚቀበሉት።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ መሠረት የራሷን ጻፈች።

«ሰላም ለዚህ ቤት። መሠረት እባላለሁ። መተማ ዮሐንስ ላይ ፎቶ አነሳለሁ። የኛ ፀሐይ ጠበኛ ናት፤ ከሷ ጋር መዋል የማይችል ካሜራውን ሽጦ ሰሊጥ ቢነግድ ይሻለዋል። ካሜራዬ አሮጌ ካኖን ነው፤ ብዙ አቧራ ጠጥቷል፣ እኔም አብሬው ጠጥቻለሁ። ወደዚህ ቤት የመጣሁት ልማርም፣ ላሳይም ነው።»

ከጽሑፉ በታች የሽመክትን ፎቶ አደረገች።

ሽመክት ከጎጃም ደጋ የወረደ ሳሉግ ነበር። ለአረምና ለአጨዳ በየዓመቱ ከደጋ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ መተማ ሳሉግ ነው የምትለው። ሳሉግ አጨዳው አልቆ ወደ አገሩ ከመሳፈሩ በፊት ባህሩ ፎቶ ሳይገባ አይሄድም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጥቁር ኮት ይለብሳል፣ ክራባቱን ያስራል፣ ቤተ መንግሥትና ፏፏቴ በተሳለበት መጋረጃ ፊት ቆሞ ከወገቡ በላይ ይነሳል። ኮቱም ክራባቱም የቤቱ ነው። ሱሪ ግን የለም፤ ከወገቡ በታች የተነሳ ሰው ስለሌለ አስፈልጎ አያውቅም። ጎጃምና ወሎ ውስጥ በስንቱ ቤት ግድግዳ ላይ ያ አንድ ኮት በስንቱ ትከሻ ላይ ሆኖ እንደሚታይ ቆጥሮ የሚጨርሰው የለም።

ሽመክት ኮቱን ለበሰና «እግሬንም አንሽኝ» አለ።

«እግርህ ምን ይሠራልሃል? ያውም በዚህ ቁምጣ!»

«እማ እግሬን ነው የምትፈልገው። የትራክተር ዲስክ ቆርጦታል ብሎ አንዱ ወሬኛ ነግሯት ስታለቅስ ከረመች።»

«ደውለህ ደህና ነኝ አትላትም?»

«አልኋት እንጅ! ‹አፍማ ያወራል፤ እግርህን አሳየኝ› አለችኝ።»

መሠረት እየሳቀች ወደ ኋላ ሄደች። ክፍሉ አልበቃት ሲል በሩን ከፍታ በረንዳው ላይ ቆመች። ከላይ ኮትና ክራባት፤ ከታች ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ቁምጣ፣ የሰሊጥ አገዳ የቧጨረው ቅልጥምና ኮንጎ ጫማ። ሽመክት ቀኝ እግሩን ብድግ አድርጎ «ይኸው እማ!» ብሎ ሲጮህ ካሜራውን ተጫነችው። መጋረጃው መሬት በሚነካበት በኩል በቀይ ቀለም በእጅ የተጻፈ ጽሑፍ አለ፤ «ባህሩ ፎቶ - መተማ» ይላል። ሰው ሁሉ ከወገቡ በላይ ስለሚነሳ ጽሑፉ ፎቶ ውስጥ ገብቶ አያውቅም ነበር። የዚያን ቀን ግን ከሽመክት እግር ጋር አብሮ ገባ።

«ለሌላ ሰው ባሳየውስ?» አለችው ፎቶውን አጥባ ስትሰጠው።

«ለፈለግሽው አሳይው። አገሩ ሁሉ እግሬን ይይልኝ!» ብሎ በደስታ ተሳፈረ።

እንግዲህ ለግሩፑ ያቀረበችው ይህን ነው። መጀመሪያ የመጡት ሰዎች ደህና ነበሩ። «ግሩም ነው» አለ አንዱ። ሁለተኛው «ግን እግሩ ለምን ገባ? ከወገብ በላይ ብትቆርጭው ኖሮ» ብሎ መከረ። መሠረት ሳቀች፤ አልተቆጣችም። ከዚያ አንዱ ጠያቂ ብቅ አለ።

«እህት፣ ከመተማ ነኝ ትያለሽ። ፌስቡኩ ደግሞ ‹ገላባት፣ ሱዳን› ይላል። ለመሆኑ የት ነሽ?»

እውነቱን ነው፤ ይላል። የዚያን ቀን የኢትዮጵያው ኔትወርክ ጠፍቶ ስለነበር፣ መሠረት መተማ ሁሉ እንደሚያደርገው የሱዳን ሲም ስልኳ ውስጥ ከትታ ነበር የለጠፈችው። ይህንኑ ጻፈችለት። ማን ያንብብላት! ሌላው ቀጠለ።

«ቦታውን ተዉት፤ ከታች የተጻፈውን አንብቡ እንጂ! ባህሩ ፎቶ ይላል። መሠረት የት አለች?»

«ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ!»

«ባህሩ ባልሽ ነው እንዴ?»

«ባህሩ የቤቱ ስም ነው» ብላ መለሰች መሠረት። «አንተ ምሳ የምትበላበት ሆቴል የተሰየመው በወጥ ሠሪዋ ስም ነው?»

የግሩፑ መሥራችና አድሚን ዘሩ ይባላል። እንደ ዳኛ አርፍዶ መጣና «ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገሬ ሰው» ብሎ ጀመረ። አንዲት ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቅ አስተያየት መስጫውን ዘጋው። ፎቶውን ወሰደና ቀዩን ጽሑፍ በቀይ ክብ ከበበው፤ ከሁሉም በላይ ሰቅሎ ይህን ጻፈበት፦ «ማስጠንቀቂያ ለአዲስ አባላት። የሰው ሥራ የራስ አስመስሎ ማቅረብ እንዲህ ይታወቃል። የኔ ነው የሚል ምስክር ያቅርብ።»

ወዲያው ደግሞ በውስጥ መስመር መልእክት ላከላት። «እህቴ አትቀየሚ። ጽሑፉን ቆርጠሽ እንደገና ለጥፊው፤ እኛም እናልፈዋለን።»

መሠረት ይህን ስታነብ ጆሮዋ ጋለ። ሌባ ከሆንኩ ስሙን ስቆርጠው ባለቤት ልሆን ነው? ባለቤት ከሆንኩስ ለምን እቆርጣለሁ? የትምህርት ቤት ተከራካሪ ነበረችና አንደኛውን ጥያቄ ከሁለተኛው አስከትላ ጽፋ ላከችለት። አነበበው፤ ማስጠንቀቂያውንም እንደተሰቀለ ተወው።

ማስጠንቀቂያው መተማ ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። በማግስቱ ከኮኪት ተደወለ። አሰፋች ናቸው፤ የሰሊጥ ባለ እርሻው የአቶ አምባው ባለቤት። ልጃቸው ሃይማኖት ጥር ላይ ስትዳር ሰርጉን መሠረት እንድታነሳ ከተነጋገሩ ቆይተዋል።

«መሠረትዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ ልጄ? ይኸ ስልክ መቼም የማያመጣው የለ። ልጆቹ አሳዩኝ። የምታሳዪን ፎቶ የሌላ ሰው ነው ይላል።»

«እትዬ አሰፋች፣ እርስዎ እኔን ያውቁኛል አይደል?»

«አውቅሻለሁ። የሙሽራው ወገን ግን አያውቅሽም። ከጎንደር ነው የሚመጡት፤ እነሱም አይተውታል። እና የሙሽራው አባት ነገሩ እስኪጠራ እንቆይ አለ።»

«የሚጠራው በምንድን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ? እዚያው የከሰሱሽ ቦታ ላይ ነዋ።»

መሠረት ስልኩን ዘጋች። ትልቅ ሰው አንዳንዴ አስቦትም ሳያስብም ፍርዱን አስተካክሎ ይሰጣል። ነገሩ የሚጠራው እዚያው የከሰሷት ቦታ ላይ ነው።

ዘምዘም ከጎን ካለው ሱቋ ወጣች። የሱዳን ሽቶና ሲም ካርድ ትሸጣለች።

«ሱዳናዊት ያደረገሽ የኔ ሲም ነው አሉ!» አለች እየሳቀች። «ጠዋት ሐበሻ፣ ከሰዓት ሱዳን። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እንዲያ ነኝ፤ ማን ከሰሰኝ?»

«አንች ሽቶሽን የሰረቅሽው ነው አልተባልሽ።»

«ኸላስ፣ በቃ ተያቸው። ሌላ ግሩፕ ጠፋ?»

«ግሩፕማ ሞልቷል። ስሜ ግን አንድ ነው።»

ከበሩ ፊት፣ ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ጋሽ ባህሩ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ፎቶ ማንሳት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ደፍርሶባቸው ካሜራውን ከተዉ ወዲህ ቤቱን ለሷ ትተው፣ ውሏቸውን እዚያ አግዳሚ ላይ አድርገዋል። የሰሙትን ሁሉ ሰምተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ ልመስክርልሽ። በቪዲዮ አንሽኝ። ‹ባህሩ ማለት እኔ ነኝ፣ ፎቶውን ያነሳችው እሷ ናት› ልበላቸው።»

«መታወቂያ ቢጠይቁዎትስ?»

ጋሽ ባህሩ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ዘምዘምም ሳቀች። መታወቂያቸው ላይ የሚነበበው ታንጉ ነው። ባህሩ የተባለው የመጀመሪያው ሰውዬ ሱቁን ለታንጉ ትቶ ወደ ካርቱም ከተሻገረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ታንጉ ሰሌዳውን አላወረደም። ከደጋ የሚወርደውን ሳሉግ፣ አምና የተነሳው «ባህሩ ፎቶ ግባ» ብሎ ነዋ የሚልከው! ስሙን የቀየርህ ቀን ሳሉጉ በደጅህ አልፎ ይሄዳል። እንዲህ እንዲህ እያለ ታንጉ ባህሩ ተባለ፣ ጋሽ ባህሩ ተባለ፣ የሠርጉም የለቅሶውም ስም ይኸው ሆነ። አሁን ደግሞ ተራው የመሠረት ነው። ሳሉጎቹ በሩ ላይ ቆመው «ባህሩ አለሽ?» ሲሏት «አለሁ፣ ግቡ» ትላለች።

«ታዲያ እኔ ካልመሰከርሁ ማን ይመስክርልሽ?» አሉ ጋሽ ባህሩ ሳቃቸውን ሲጨርሱ።

«ለዚያች ለቦሌዋ ልጅ ማን መሰከረላት?»

«ማንም።»

«እንግዲያስ ለኔም ማንም አይመስክርልኝ። እርስዎ ወጥተው ‹የሷ ነው› ቢሉ፣ ‹ወንድ ስላለ አመንን› ይላሉ። እኔ ደግሞ በወንድ ዋስ የምፈታ እስረኛ አይደለሁም።»

«ልክ ነሽ» አሉ ሽማግሌው። ቀጥለውም፣ «መጋረጃው ያለቀ ነው። ከፈለግሽ ስሙን አጥፊና የራስሽን ጻፊበት። እኔ አልቀየምም» አሏት።

መሠረት ገብታ ኮምፒውተሩን ከፈተች። እውነት ለመናገር፣ አንድ አፍታ ፈተና ውስጥ ገብታ ነበር። የአሰፋች ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ አለ፤ የዘሩ ምክር ደግሞ ቀላል ነው። የመቁረጫውን መስመር ከቀዩ ጽሑፍ በላይ አደረገችና የሚቀረውን አየች። ጽሑፉ ጠፋ። ኮንጎ ጫማውም አብሮ ጠፋ፤ መሬት የረገጠው ግራ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ ላይ ተቆርጦ ቀረ።

እጇን አነሳች። እናት ልጄ እግሩ አለ ወይስ የለም ብላ ያለቀሰችበትን፣ የትራክተር ዲስክ ያልቆረጠውን እግር፣ እሷ አዲስ አበባ ለተቀመጠው ለዘሩ ደስታ ስትል ልትቆርጠው! በራሷ ላይ እንዲህ የተናደደችበትን ቀን አታስታውስም። ኮምፒውተሩን ዘግታ ወጣች።

«ጋሽ ባህሩ፣ መጋረጃው እንዳለ ይቆያል» አለች። «አሁን ይነሱና ይያዙልኝ። ዘምዘም፣ አንችም ነይ!»

መጋረጃውን ከግድግዳው አውርደው ደጅ አወጡት፤ በኒሙና በዘምዘም ሱቅ መካከል ገመድ ወጥረው በጠራራው ፀሐይ ሰቀሉት። ቤተ መንግሥቱና ፏፏቴው መንገድ ዳር ቆሙ። ገላባት የሚሄደው ባጃጅ ቆመ፤ ሰሊጥ የጫነ መኪናም ፍጥነቱን ቀነሰ።

«ማነው የሚዳረው?» አለ ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ።

«እኔ!» አለች መሠረት። «ከስሜ ጋር!»

ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አቆመችው። በቀሚሷ ላይ ያን ጥቁር ኮት ደረበች፤ ክራባቱን አሰረች። ካሜራው በራሱ እንዲያነሳት አዘዘችና ሮጣ መጋረጃው ፊት ቆመች። ከእግሯ ሥር «ባህሩ ፎቶ - መተማ» የሚለው ቀይ ጽሑፍ ይነበባል። ቀኝ እግሯን ብድግ አደረገች።

«ይኸው!»

ሰዉ ሁሉ አጨበጨበ። ጋሽ ባህሩ አጥርተው ባያዩም «እግሯ ገባ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ገብቷል።

ከሰዓት በኋላ በኢትዮጵያው መስመር ለጠፈችው። ጽሑፉ አጭር ነበር። «እንደገና ሰላም። መሠረት እባላለሁ፤ መተማ ስትጠራኝ ባህሩ ትለኛለች፤ በሁለቱም አቤት እላለሁ። ኮቱ ያው ኮት ነው፣ መጋረጃውም ያው መጋረጃ ነው። እግሬም አለ።»

ግሩፑ ተናወጠ። «ኮቱን እዩት! ያው ኮት ነው!» አለ አንዱ። «ይቺ ልጅ እሳት ናት» አለች ሌላዋ። ያቺ የቦሌዋ ሠላማዊት ደግሞ «እኔን ማንም አልጠየቀኝም ነበር፤ እሷ ለምን ተጠየቀች?» ብላ ጻፈች። ደግ አባት ያሳደጋት ልጅ ናት። ብዙ ሰው ደገፋት። ጥያቄው ዘሩ ላይ እየተከመረ መጣ።

ዘሩ ምን አደረገ? ማስጠንቀቂያውን ድምፁን አጥፍቶ አወረደው። አንዲት ቃል አልጻፈም። ወደ ውስጥ መስመር ገባና እንዲህ አላት፦

«እህቴ መሠረት፣ ተሳስተናል፤ ከልብ ይቅርታ። ድንቅ ፎቶ አንሺ ነሽ። ለግሩፑ ክብር ሲባል ነገሩን እዚሁ በሁለታችን መካከል እንዝጋው። ክርክሩንም በሙሉ አጥፍቼዋለሁ።»

መልካም ቃል ነው፤ መቼም ይቅርታ ይቅርታ ነው የሚል አይጠፋም። መሠረትም ለአፍታ ልቧ ሊራራ ነበር። አሰፋች ጋ ደወለች።

«እትዬ አሰፋች፣ ሰውየው ይቅርታ ጠየቀኝ።»

«እሰይ! የት ነው ያለው? ለጎንደሮቹ ላሳያቸው።»

«ለኔ ብቻ ነው የጻፈው።»

«ልጄ፣ ስድቡን ልጆቹ ሁሉ በየስልካቸው አስቀርተውታል። ይቅርታውን ግን ማንም አላየም። እኔ ምን ብዬ ላስረዳ?»

በቃ። ስድቡ ከኮኪት እስከ ጎንደር በየስልኩ ተቀምጧል፤ ዘሩ ግድግዳውን ስላጠበ ከሰው ኪስ አልወጣም። ይቅርታው ግን በአንዲት ሴት ስልክ ውስጥ ተቆልፎበታል። በአደባባይ ሰድቦ በጓዳ የሚክስ ሰው የሚክሰው ራሱን ነው።

መሠረት ከኒሙ ሥር፣ ከጋሽ ባህሩ አጠገብ ተቀመጠች። «ምን ልትይው ነው?» አሏት።

«የጠየቀኝን ልጠይቀው ነው። ራሱን ያስተዋውቅ።»

ከዚያም ግሩፑ ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያይበት፣ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«አቶ ዘሩ፣ በውስጥ መስመር የላክኸው ይቅርታ ደርሶኛል። አልቀበለውም፤ አድራሻው ተሳስቷል። እኔን ሌባ ያልኸው በውስጥ መስመር አልነበረም። በዚህ ቤት አናት ላይ ሰቅለህ፣ በቀይ ከበህ ነው ያልኸው። ያን ያየ ሰው ሁሉ መልስህንም የማየት መብት አለው። ደንቡን ያወጣኸው አንተ ነህና በደንብህ ልጠይቅህ። ስምህን ተናገር፤ የፈረድኸው አንተ መሆንህን ሰው ይወቅ። ከዚያ ይህን መልስልኝ፦ ከቦሌ ለመጣችው ያልጠየቅኸውን ምስክር፣ ከመተማ ለመጣሁት ለኔ ለምን ጠየቅኸኝ? እኔ ፎቶዬን ከነእግሩ አሳይቻለሁ። አንተም መልስህን ከነእግሩ አምጣው። በጓዳ አልሰማህም። እዚሁ፣ በዚህ ቤት፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት መልስልኝ!»